ተራራ ማንሳት

አባቴ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ሲያነሳ ኖረ፤
ጀርባው እንደ ሐዲድ፣ ኩርባው ላይ ታጥፎ ቀረ።
እኔ ልጁ ደግሞ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣
ሦስት እግር ብረቴን በትከሻ አንግቼ፣
ቁራሽ ዳቦ በኪሴ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣
ደንገጎን ላነሳ ወጣሁ፣ በደቻቱ አሸዋ ተጉዤ።

ቀን ቀን ከዚራ ነኝ፣ ከአቶ ኦርዲን ፎቶ ቤት፤
ጉርድ አነሳለሁ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት።
"ቀና በል" እላለሁ፣ "አገጭህን ዝቅ፤
አትጨፍን፤ አትሳቅ፤ እሺ፣ ትንሽ ብቻ ሳቅ።"
ሰው ይታዘዘኛል።
ደንገጎን ግን ምን ልበለው?
ቀና በል እንዳልል፣ ከአያቴ በፊት ቀና ብሏል፤
አትጨፍን እንዳልል፣ ደመናውን ተከናንቦ ተኝቷል።

ማታ አባቴ ይጠይቃል፦
"ዛሬስ ምን አነሳሽ?"
"ተራራ።"
"የት አደረስሽው?"
ጭነት አንስቶ ማውረጃውን የማያውቅ
በሥራ ዘመኑ አላየም። ዝም እላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን፣ የሦስት እግሬ አንዱ እግር አሸዋ ውስጥ ሰመጠ።
በሁለተኛው፣ አንድ ግመል ሌንሴን አሽትቶ፣ አስነጥሶ አመለጠ።
በሦስተኛው ጭጋግ። በአራተኛው አቧራ።
አምስተኛው ጥርት ያለ፤ ፀሐይም ሳትሳሳ አበራ።
ያን ቀን አነሳሁ። ሳጥበው ምንም አልነበረም፤
ተራራው አለ፣ ሰማዩ አለ፣ ሥዕሉ ግን የለም።
አቶ ኦርዲን አዩትና፣ መነጽራቸውን ግንባር ላይ ሰቅለው፣
"ይሄ አድራሻው ነው" አሉኝ፣ "ባለቤቱ ቤት የለም፤ ተመላልሰሽ ጠይቂው።"

ተመላለስኩ።
የመብራት እንጨቱን ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ሄጄ ተውኩት፤
የሲሚንቶ ፋብሪካውን ጭስ፣ ነፋሱ እስኪመለስ ጠበቅሁት።
ማንሳት ለካ መተው ኖሯል።
ግራሩ ላይ ግን አንድ ሰማያዊ ፌስታል ነበረ፤
ላወርደው ሄጄ፣ እጄ አየር ላይ ቀረ።
ከነፌስታሏ አይደል እንዴ ድሬን የምወዳት?
ሳላጥባት፣ ሳላበጥራት፣ እንዳለች ነው የማነሳት።

"እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለኝ ዋይስ የሚሉት አሸዋ ጫኝ ልጅ።
"ብርሃን" አልኩት። ፀሐይዋን አሳየኝ፣ በአካፋው እጅ።
ልክ ነው።
እኔም ልክ ነኝ።
ድሬ ላይ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብርሃን ያለ ልክ ይሞላል፤
ጥላ የለ፣ ምስጢር የለ፤ ተራራውም ካርቶን ይሆናል።
እኔ የምፈልገው ያችን ነው፣ ገና ከሌሊት ያልተጣላችውን፣
በጎን ገብታ፣ የገደሉን ሽብሽባት በጣቷ የምትቆጥረውን።

በሃያ ሦስተኛው ቀን
(እኔ አልቆጠርኩም፣ አባቴ ነው የቆጠረው)
ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ዝናብ አድሮ ኖሮ
አንዲት ቀጭን ውሃ፣ ጣት የማታህል፣
አሸዋውን እየላሰች መጣች።
ልጆቹ አካፋቸውን ነጥቀው ወደ ዳር ሮጡ።
የድሬ ሰው ያውቃታል፤
ጣት ሆና ትመጣለች፣ ክንድ ሆና ትወስዳለች።
ያኔ ብርሃኗ ገባች። በጎን።
ደንገጎ ሽብሽባቱን አንድ በአንድ ገለጠ፤
እርጥቡ አሸዋ ላይም ሁለተኛ ደንገጎ ተገልብጦ ተቀመጠ።
አንድ ጊዜ ተጫንኩ። ሁለተኛውን ዋይስ ከለከለኝ፤
ሦስት እግሬን ከነካሜራው አንስቶ፣ "ነይ ውጪ!" ብሎ ጎተተኝ።

ሥዕሉ ትንሽ ያዘነብላል። ጥግ ላይ ፌስታሉ አለ።
ማታ ለአባቴ ሰጠሁት።
በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ጠርሙስ የሞላ ሳጥን እንደሚቀበል፤
ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ ትንፋሹን ያዘ፣
ማሳረፊያ ፍለጋ ክፍሉን ዞሮ አየ።
ከአልጋው ራስጌ፣
የድሮ የኩሊ ቁጥሩ ከተሰቀለበት ምስማር አጠገብ፣
"እዚህ ይውረድ" አለ።